ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ዋጋ

ታናሽ ወንድሜ ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር ሲሄድ በመኝታ ክፍሉ ከተዋቸው ዕቃዎች ሁሉ ትልቁ ጌም ይጫወትበት የነበረው ኮምፒዩተር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኖ ከጠረጴዛው ሥር ቆመ። እናቴ አቧራ እንዳይገባበት በየሳምንቱ ነጠላውን ታራግፋለች፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላየሁትም ነበር። በዚህ በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከወንድሜ እንዲህ የሚል አጭር መልእክት ደረሰኝ፦ «ኮምፒዩተሩን ሽጥና ገንዘቡን ለእማዬ ዐይን አድርገው። ዋጋውን አንተ ታውቃለህ።»

የእናታችንን ቀኝ ዐይን ሞራ ጋርዶት፥ ሐኪሞች ይገፈፍ ካሉ ወራት አልፈው ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል በሚለው ነገር ክርክር አልተነሣም። ያስጨነቀኝ የመልእክቱ መጨረሻ ነው፤ ዋጋውን አላውቅም ነበርና።

በልጅነቴ አባቴን እየተከተልሁ የከብት ገበያ ወርጃለሁ። አባቴ በሬ ሲገዛ አስቀድሞ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፥ ሰኰናውን ያነሣል፥ ጫንቃውን በመዳፉ ይዳስሳል፥ ወዲያና ወዲህ ያስነዳዋል። በመጨረሻም ሻጩን ትክ ብሎ እያየ «ይተኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የግብርና ነገር ለማያውቅ አንባቢ ለመንገር ያህል፥ የሚተኛ በሬ ማለት በገበያ ሲያዩት የሚያምር፥ ቀንበር ተጭኖ ትልሙ መካከል ሲደርስ ግን ጕልበቱን አጥፎ የሚወድቅ ነው። ይህን ጥርስም ሰኰናም አይናገርም፤ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ጥርስ የት እንዳለ የሚያሳየኝ ስላልነበረ፥ እኔ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የፈለግሁት ወረቀት ነው።

ደረሰኙን ከመሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን፥ ከነሞኒተሩ 45,000 ብር ይላል። ወንድሜ ይህን ገንዘብ ያጠራቀመው የሰው የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ፥ ሌሊት ሌሊት ሳይተኛ ነው። በዚያ ወራት ብራችን ከዶላር አንጻር በመቶ 15 ያህል ዝቅ ከተደረገ ገና ሦስት ወር ሆኖት ነበር፤ አንድ ዶላርም በባንክ 27 ብር ገደማ ነበር። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ያን ጊዜ ከ1,600 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚህ ዓመት ጥቅምት ደግሞ ከ140 ብር በላይ ሆኖ ነበር። እርሳስ አንሥቼ 1,600ውን በ140 ባባዛው 224,000 ብር ወጣልኝ። ለአንድ አፍታ ባለጸጋ የሆንሁ መሰለኝ።

ቀዝቀዝ ብዬ ሳስበው ግን ስሌቱ ሁለት ነገሮችን አደባልቆ እንደ ነበር ተረዳሁ። ብሩ አንሷል፤ ዕቃውም አርጅቷል። አንዱ የሌላውን አይሽረውም። በ45,000 ብር ብሸጠው ወንድሜ «ገንዘቤ ተመለሰ» ሊል ይችላል፤ ነገር ግን የዛሬው 45,000 ብር የዚያን ጊዜውን ዕቃ ሩብ እንኳ አይገዛም። ወደ ዶላሩ ብንሄድም ኮምፒዩተር ወርቅ አይደለምና በዶላሩ አገርም ዋጋው በየዓመቱ ይወርዳል። ደረሰኙ የሚያስረዳው ወንድሜ ምን ያህል እንደ ደከመ ነው፤ ገዢ ደግሞ የሻጩን ድካም አይገዛም።

ወረቀቱ ባይረዳኝ ወደ መርካቶ ሄድሁ። አንድ ደላላ የኮምፒዩተሩን ፎቶግራፍ ከስልኬ ላይ አይቶ፥ ምንም ሳይጠይቀኝ «ስላይትሊ ዩዝድ ብለህ 65,000 በል፤ 60 ትይዛለህ» አለኝ። ስምንት ዓመት የሆነውን ዕቃ በጥቂቱ ብቻ ያገለገለ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ቃሉ በዚህ ከተማ ከመኪና እስከ ሶፋ ድረስ ለሁሉ ነገር ሲለጠፍ ስለ ሰማሁት ግን አልተከራከርሁትም። በቴሌግራም ገበያ የወጡትን ማስታወቂያዎችም ተመለከትሁ፤ በእርግጥም የእኛን የመሳሰሉት 60 እና 70 ሺህ ብር ይባልባቸው ነበር። ልብ ያላልሁት ነገር ቢኖር፥ የማያቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ ገና ያልተሸጡ ዕቃዎች ማስታወቂያ መሆናቸውን ነው። የተሸጠውማ ከዚያ ይነሣል፤ በስንት እንደ ሄደም ማንም አይጽፍም። አንዱን ማስታወቂያ ለስድስት ሳምንት ተከታተልሁት፤ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይለጠፋል፥ ዋጋውም ያው ነው። ያ ዋጋ የባለቤቱ ምኞት ነበር።

እኔ ግን ይህን ሳላስተውል፥ ከደረሰኙና ከደላላው መካከል ጥቂት ቀንሼና ጨምሬ 52,000 ብር የሚል ዋጋ ቈረጥሁ። በምን መሠረት ቢሉኝ መልስ አልነበረኝም። መካከለኛ ቍጥር መሆኑ ብቻ ትክክለኛ አስመሰለው።

ገዢውም ሳልጠራው መጣ። አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክብ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች። ልጁ በዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሆኗል፤ ሥዕሉን የሚሠራበት ኮምፒዩተር ስለሌለው ሌሊት ከጓደኞቹ ዘንድ ያድራል። እናቱ ይህን አልወደደችውም። ዋጋውን ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፥ «ዕቁቤ በሚመጣው እሑድ ይወጣልኛል፤ 50 ሺህ ነው፤ ሁለቱን ሺህ እሞላለሁ» አለችኝ። አልተከራከረችም። ጎረቤት ነንና እንዳላታልላት አምናለች። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ የወንድሜን ፋይሎች ለማውጣት ኮምፒዩተሩን ከፈትሁት። በመልካም ተነሣ። ከተጫኑት ጌሞች መካከል የእግር ኳሱን አስጀመርሁና ለመሞከር ያህል ተጫወትሁ፤ በዐሥረኛው ደቂቃ ላይ፥ አምስት ጎል ተቈጥሮብኝ ሳለ፥ ስክሪኑ ጨለመ፥ ማራገቢያውም ዝም አለ። መብራት የጠፋ መስሎኝ ቀና ብል አምፑሉ ይበራል። ደግሜ ሞከርሁት፤ በሰባተኛው ደቂቃ ጠፋ። ጌም ሳልከፍት ደብዳቤ ስጽፍበት ግን ሙሉ ቀን ቢውል ምንም አይለውም።

እነሆ በዚያች ምሽት ያሰብሁትን ሳልደብቅ ልጻፍ። ጎረቤታችን ለመሞከር ብትመጣ የምታየው ሲነሣና ሲበራ ነው። ልጁም ቢሆን በእኛ ቤት ጌም ልጫወት ብሎ አይደፍርም። ገንዘቡ ለእኔ ጥቅም የሚውል አይደለም፤ ለእናቴ ዐይን ነው። ከዚህም ሌላ አሮጌ ዕቃ ሲገዛ እንከን እንዳለው ማንም ያውቃል ብዬ ለራሴ ተሟገትሁ። የሕግ ሰው ባልሆንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን እንደሚደነግግ አውቃለሁ፤ ግን ጎረቤቴ በእንዲህ ያለ ነገር እኔን ፍርድ ቤት እንደማትጠራኝም አውቅ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ያሳፈረኝ ይህ ማወቄ ነው።

ጠዋት ቡና ስንጠጣ ለእናቴ ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኋት። ስለ ኮምፒዩተር የምታውቀው ነገር የለም፤ ጥያቄዋ ግን አንድ ብቻ ነበር።

«ሲጭኑበት ይጠፋል? ሳይጭኑበት ደኅና ነው?»

«አዎን፥ እማዬ።»

«እና ይተኛል በለኛ!»

ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በዚያው ሳምንት ኮምፒዩተሩን በታክሲ ጭኜ መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ወደሚሠራ የጥገና ባለሙያ ወሰድሁት። ገና ወጣት ነው፤ ግን እንደ አባቴ ጥርስ ማየት ያውቃል። ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን በነፋስ አራገፈና መጀመሪያ የግራፊክስ ካርዱን አወጣ። «ማይኒንግ ሠርቶበታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩ አልገባኝም ነበርና አብራራልኝ፤ ኤቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ሰዎች እንዲህ ያሉ ካርዶችን ሌትና ቀን ያሠሯቸው ነበር፤ ከመስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አሠራሩ ተለውጦ ካርድ የማይፈልግ ሲሆን፥ የደከሙት ካርዶች በየአገሩ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ጐረፉ። የወንድሜ ካርድ ያን ያህል እንዳልደከመ ከማራገቢያዎቹ አየ። ካርዱ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 በ249 ዶላር የወጣ ነው። በዚሁ ስም ሁለት ዓይነት ካርድ እንደ ተሸጠም ነገረኝ፤ አንዱ 3 ሌላው 6 ጊጋባይት የሆነ፤ ባለ 3ቱ ደግሞ በማስታወሻው ማነስ ብቻ ሳይሆን በማስሊያ ክፍሎቹም ቍጥር ያንሳል። የእኛ ባለ 6ቱ ነበር። ገዢ ይህን ካልጠየቀ ሻጭ ስሙን ብቻ ጠርቶ ዝም ይላል።

ወደ ፕሮሰሰሩ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ጋሼ፥ አይ ሰቨን ነው ብለው ዋጋ እንዳይሰቅሉ» አለኝ። እኔም ማስታወቂያ ባወጣ ኖሮ በትልቁ የምጽፈው ይህንኑ ነበር። ቍጥሩ 7700 ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የወጣና አራት ኮር ያለው። ኢንቴል በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ስድስት ኮር ያለውን 8700ን፥ እርሱንም አይ ሰቨን ብሎ አወጣ። ስለዚህ ወንድሜ በጥር 2010 ዓ.ም. ገንዘቡን ሲቈጥር ዕቃው ሱቁ ውስጥ ሳለ አርጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣው ዝቅተኛው አይ ስሪ 12100 እንኳ ይህን አይ ሰቨን ይበልጠዋል። የማዕረግ ስም ያው ሆኖ ሰውየው መለወጡን በእኛም ሥራ ዓለም እናውቀዋለን።

ከዚህ የባሰው ነገር ሌላ ነው። ዊንዶውስ 10 የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። የአንድ ዓመት የጸጥታ ማራዘሚያ አለ፤ ሊኑክስ የለመደ ሰውም አይቸገርም። ቢሆንም ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ኤንቪዲያም በዚያው ወር ለዚህ ትውልድ ካርዶች አዳዲስ ጌሞችን የሚከተለውን ድራይቨር አቁሞ የጸጥታ እርማት ብቻ አስቀረላቸው። በአንጻሩ ራሙ ተወዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አምራቾች ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚያሠሩት ታላላቅ ማእከሎች ቅድሚያ ስለ ሰጡ የራም ዋጋ በዓለም ሁሉ ወጣ፤ አሮጌው ዲ.ዲ.አር. 4 ሳይቀር። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል እድሜው ሲገፋ ዋጋው የጨመረ እርሱ ብቻ መሆኑ አስገረመኝ።

የመተኛቱ ምክንያት ግን ከእነዚህ ከከበሩት ክፍሎች በአንዱም አልተገኘም። ማንም የማይጠይቅበት፥ ከኬዙ ጋራ በርካሽ የመጣ ፓወር ሰፕላይ ነው። በአዲስ አበባ መብራት እየሄደ እየመጣ ስምንት ዓመት ደብድቦታል፤ ካርዱ ሙሉ ኀይል ሲጠይቀው መስጠት ያቅተዋል፥ ያጠፋዋል። አዲሱ 6,500 ብር ነው አለኝ። አስገጠምሁት።

ዋጋውን ደግሞ በሁለት መንገድ ገመትን። መጀመሪያ ባለሙያው እያንዳንዱን ክፍል እርሱ ራሱ በሚሸጥበት ዋጋ ጻፈልኝ፤ ካርዱ 11,000፥ ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋራ 10,000፥ ራሙ 7,000፥ ሁለቱ ዲስኮች 5,000፥ ሞኒተሩ 6,000 ብር፤ ኬዙን 1,500 ብር ያደረገው ለእኔ አዝኖ ይመስለኛል። ድምሩ 40,500 ሆነ። ቀጥሎም ይህ ማሽን ዛሬ የሚሠራውን ሥራ ብቻ መሥራት የሚችል፥ ከሁሉ የረከሰው አዲስ ዕቃ በስንት ይገጣጠማል ብዬ ጠየቅሁት። 85,000 ብር ገደማ አለኝ። አዲሱ ዋስትና አለው፥ ወደፊት ብዙ ዓመት ይኖራል፥ ዊንዶውስ 11ንም ይቀበላል፤ ስለዚህ አሮጌውን ከግማሹ በላይ መክፈል ሞኝነት ነው። ሁለቱ መንገዶች በ40,000 ብር አካባቢ ተገናኙ። ከደረሰኙም ከደላላውም ያልመጣ ቍጥር በእጄ ሲገባ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

እሑድ ዕለት ጎረቤታችን ዘንድ ሄጄ «52,000 ያልሁት ስሕተት ነው፤ 40,000 ይበቃል» አልኋት። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ «ምን ሆኖ ነው ወንድሜ? ተበላሽቷል?» አለችኝ። ሻጭ በራሱ ፈቃድ 12,000 ብር ሲቀንስ አይታ አታውቅም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረዘርሁላት፤ እንዴት ይጠፋ እንደ ነበር፥ ምን እንደ ተለወጠለት፥ ዊንዶውሱን፥ የራሴን ግምትም ጭምር። እውነት ሲበዛ ገዢን ያስፈራል። ዕቁቧን በመሐረብ ቋጥራ ይዛ «ልጁ ይሞክረውና እናያለን» ብላ አሰናበተችኝ።

ልጁ ከሰዓት በኋላ መጣ። እናቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ በሚያየው ዐይኗ ስክሪኑን፥ በጆሮዋ ማራገቢያውን ትጠብቃለች። የሕንፃ ሥዕሉን ከፍቶ ክፍሎቹን በብርሃንና በጥላ እንዲያወጣለት አዘዘው፤ ማሽኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ እየጮኸ ሠራ። በየመካከሉ እናቴ «ተኛ?» ትላለች፤ ልጁ ነገሩ ስላልገባው «ኧረ አልደከመኝም እማማ» ይላታል። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ፥ እናቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ጋሼ፥ አዲሶቹን ጌሞችስ ይችላል?» አለኝ። እውነቱን ነገርሁት፤ የእግር ኳሱንና እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒዩተር የወጣውን ጂ.ቲ.ኤ. 5ን ደኅና አድርጎ ያጫውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስን ግን የብርሃን ጨረር የሚያሰላ ካርድ ስለሚጠይቅ ከነጭራሹ አይከፍተውም። ትንሽ አዘነ። ከዚያም «ለትምህርቱ ይሻላል» አለ፤ አባባሉ የእናቱን ይመስላል።

እናቱ ገንዘቡን ይዛ መጣች፤ ግን በተባለው ዋጋ ዝም ብላ አልገዛችም። ስለ 52,000ው ያልተከራከረችው ሴት ስለ 40,000ው ግማሽ ሰዓት ተከራከረችኝ። እኔ ሁለት ሌሊት ያሰላሁትን ቍጥር «ትንሽ ዝቅ በል እንጂ» ስትለው ልቤ ቈስሎ ነበር፤ በኋላ ግን አሁን ገና ዕቃውን እንዳመነችው ገባኝ። ለምርቃት 1,000 ብር ቀነስሁላት። ልጁ ማሽኑን በነጠላው እንደ ተጠቀለለ አቅፎ ወጣ፤ ነጠላውን እናቴ አስመለሰችው።

ማታ ለወንድሜ ሒሳቡን ጻፍሁለት፤ የተሸጠበት 39,000 ብር፥ ለፓወር ሰፕላይ የወጣ 6,500 ብር፥ ለእማዬ የተሰጠ 32,500 ብር፤ ለሐኪሙ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። መልሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ። ስለ ዋጋው ምንም አላለም። «እኔም እያለሁ ይጠፋ ነበር እኮ፤ ልነግርህ ረስቼ ነው» ይላል። ይህን ለእናቴ አላነበብሁላትም።